ሀገር ቤት ስትሄድ የሚተውህ ሳል፦ ስለ ስራ ቦታ አስም

ለዳቦ ቤት፣ ለዱቄት ፋብሪካ፣ ለጋራዥና ለጽዳት ሰራተኞች እንዲሁም ለአሰሪዎች የተደረገ ንግግር ነው፤ በቃል እንደተነገረው ነው የተጻፈው፣ መጨረሻ ላይ ከተሰብሳቢው የመጡ ጥያቄዎች አሉበት።

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ፣ ሌሊቱን ስትጋግሩ አድራችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁም ነግረውኛል፣ ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ።

አስም ሲባል ብዙ ሰው ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ በዘር የሚመጣ፣ ብርድ ሲመታ የሚነሳ ነገር ነው የሚመስለው። እሱም አለ። ግን 30 አመት እስኪሞላው ድረስ ትንፋሽ ማጠር ምን እንደሆነ የማያውቅ፣ ኩንታል ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ጎረምሳ ድንገት ሌሊት ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር ማለት ከጀመረ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስራው ነው። ካደጉ በኋላ አስም ከሚይዛቸው ሰዎች መሀል ከ6 አንዱ ገደማ በስራው ምክንያት እንደሚታመም ነው በአለም ደረጃ የሚገመተው። ይሄ ትንሽ ቁጥር አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሀኪም እኮ ከሶስት መቶ አመት በፊት፣ በፈረንጆች በ1700 ገደማ፣ ጋጋሪዎችና እህል የሚያበጥሩ ሰዎች በብናኙ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ጽፎ ነበር፣ ሀኪም በሽተኛውን ሲያይ ስራህ ምንድነው ብሎ ይጠይቅ ብሎም መክሯል። እስካሁን ግን ካርድ ላይ ስራ የሚለው ቦታ ወይ ባዶ ነው ወይ "የግል" ተብሎ ይታለፋል፣ ሰውየው ሲተነፍስ የሚውለው ዱቄት ይሁን ሃርድነር (የመኪና ቀለም ማጠንከሪያ) ይሁን በረኪና ይሁን ማንም አያውቅም።

እንዴት ነው የሚይዘው? ሁለት መንገድ አለው፣ ሁለቱን መለየት ደሞ በኋላ ስራህን ታቆማለህ ወይስ ትቀጥላለህ ለሚለው ወሳኝ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ።

የመጀመሪያው አለርጂ ነው። ዱቄት፣ ዳቦ ውስጥ የሚገባው ኢምፕሩቨር (እሱ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ)፣ ጥሬ ቡና ብናኝ፣ አንዳንድ የእንጨት ብናኝ፣ የመኪና ቀለም ላይ የሚጨመረው ሃርድነር፣ ፀጉር ቤት ብሊች የሚደረግበት ዱቄት፣ እነዚህ ሁሉ ሰውነት እያደር የሚለምዳቸው ሳይሆን እያደር የሚጠላቸው ነገሮች ናቸው። ወራት ወይም አመታት ምንም ሳትሆን ትሰራለህ፣ ከዛ አንድ ቀን ሰውነትህ ይቆጣል። "ስንት አመት ስሰራበት ምንም ሳይለኝ ዛሬ እንዴት ዱቄት ይሆናል?" የሚለው ክርክር ብዙ ሰው ያሳሳተ ክርክር ነው፣ በሽታው ባህሪው ራሱ እንደዛ ነው፣ ጊዜ ወስዶ ነው የሚመጣው። አንዴ ከተቆጣ በኋላ ደሞ ድሮ ምንም የማያደርግህ ትንሽ ብናኝ ይበቃዋል።

ሁለተኛው መቃጠል ነው። አንድ ቀን ብዙ መጠን ያለው የሚያቃጥል ጋዝ ወይ ጭስ ትስባለህ፣ የአየር ቧንቧህ ይቆስላል፣ በ24 ሰአት ውስጥ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ይጀምርሃል፣ ከዛ ለወራት አይለቅህም። ይሄን አይነቱን አሜሪካ ውስጥ ሀኪሞች በፈረንጆች በ1985 ነው ለብቻው ለይተው የገለጹት። ከነዚህ ሌላ ደሞ ድሮም አስም ኖሮበት ስራው የሚያባብስበት ሰው አለ፣ እሱ በስራው የተፈጠረ አስም አይደለም፣ ግን ስቃዩ ያው ስቃይ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። አንድ ጋጋሪ የሚያልፍበትን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ አፍንጫው ይዘጋል፣ ያስነጥሰዋል፣ አይኑን ይበላዋል፣ "ሳይነስ ነው" ይባላል። ይሄ የአፍንጫ ነገር በተለይ በዱቄት አለርጂ ብዙ ጊዜ ከአስሙ ቀድሞ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ልብ በሉልኝ። ከዛ ሳል ይመጣል፣ ብርድ ነው ተብሎ አሞክሳሲሊን ይገዛል፣ ትንሽ ሻል ይለዋል፣ ይመለሳል፣ ሌላ አንቲባዮቲክ፣ ከዛ አክታ ይመረመራል። የቲቢ ምርመራው መደረግ አለበት፣ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው እኛ ሀገር ሳይመረመር መታለፍ የለበትም፣ በዚህ አልከራከርም። የኔ ጭንቀት ከውጤቱ በኋላ ያለው ነው፣ ቲቢ የለብህም ከተባለ በኋላ ፍለጋው እዛው ይቆማል፣ ሰውየው ቬንቶሊንን፣ ሰማያዊዋን የምትሳብ መድሀኒት፣ ይዞ ወደ ሊጡ ይመለሳል።

በመጽሀፉ መሰረት ሀኪሙ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው፣ ስራ በማትገባበት ቀን ይሻልሃል? እረፍት ስትወጣስ? እዚህ ጋ ግን የኛ ሀገር ኑሮ ጥያቄውን ያበላሸዋል። ስንቶቻችሁ ናችሁ ዳቦ ቤቱ ውስጥ የምትተኙት? እጃችሁን አውጡ እስኪ... አያችሁ። ማታ የምትተኙት ዱቄቱ ከተደረደረበት ክፍል በላይ ቆጥ ላይ ከሆነ፣ ብርድ ልብሱም ዱቄት፣ ትራሱም ዱቄት ከሆነ፣ እሁድም ዳቦ ከተጋገረ፣ "ከስራ ስትወጣ ይሻልሃል ወይ" ብዬ ብጠይቅ "አይ አይሻለኝም" ነው የምትሉኝ፣ እውነታችሁንም ነው፣ ምክንያቱም ከስራው ወጥታችሁ አታውቁም። እኔ የምጠይቀው "ለመስቀል ሀገር ቤት ስትሄድስ?" ብዬ ነው። "ኧረ እዛ ስሄድማ ምንም የለብኝም፣ የሀገሬ አየር ይስማማኛል" ይለኛል። ጉራጌ ሀገር ይሁን ሌላ ቦታ፣ አስር ቀን ተቀምጦ ሳሉ ጠፍቶ፣ አዲስ አበባ ተመልሶ በሳምንቱ ከጀመረው የሀገሩ አየር ብቻ አይደለም ያዳነው፣ ከዱቄቱ መራቁ ነው። ሀኪማችሁ ይሄን ባይጠይቃችሁ እንኳን እናንተ ንገሩት።

ሌላ የሚያሳስት ነገር ሰአቱ ነው። አንዳንዱ ሰው ብናኙ እንደነካው በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚያፍነው፣ እሱ ይገባዋል። ሌላው ግን ከ4 እስከ 8 ሰአት ቆይቶ ነው የሚነሳበት። ጋራዥ ሲቀባ ውሎ 11 ሰአት ላይ ደህና ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እራቱን በልቶ ከተኛ በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ ታፍኖ ይነሳል፣ እና የቤቱን ብርድ ነው የሚጠረጥረው። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የምትሰሩ ካላችሁ ደሞ የጥጥ ብናኝ የራሱ ሌላ በሽታ አለው፣ ከእረፍት በተመለሱበት ቀን፣ ሰኞ ሰኞ፣ ደረት ጥብቅ የሚያደርግ፣ በሳምንቱ ውስጥ እየቀለለ የሚሄድ፣ እሱ ከዛሬው ጉዳይ ይለያል፣ ግን ችላ የሚባል አይደለም፣ ታዩ።

ጥርጣሬ በቂ አይደለም፣ መለካት አለበት። ትልቅ ሆስፒታል ስፓይሮሜትሪ የሚባል የትንፋሽ መለኪያ ምርመራ አለ፣ በደንብ ነፍታችሁ ውጤቱ ይወጣል፣ መድሀኒት ስባችሁ እንደገና ትነፋላችሁ፣ በ12 በመቶና በ200 ሚሊሊትር ከጨመረ አስም መሆኑን ያግዛል። ችግሩ ደህና በሆናችሁበት ቀን ከተሰራ ኖርማል ሊሆን ይችላል፣ ኖርማል ወጣ ማለት አስም የለም ማለት አይደለም። ከስራ ጋር ያለውን ግንኙነት በደንብ የሚያሳየው ግን ርካሽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ ፒክ ፍሎው ሜትር ይባላል፣ በአፍ በሀይል ትነፋበታለህ፣ ቁጥሩን ትጽፋለህ። በቀን ቢያንስ 4 ጊዜ፣ ስትነሳ፣ ስራ መሀል፣ ስራ ስትጨርስ፣ ልትተኛ ስትል፣ በየጊዜው ሶስቴ ነፍተህ ትልቁን ትወስዳለህ። ሁለት ሳምንት እየሰራህ፣ ሁለት ሳምንት ከስራ ርቀህ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ካልተቻለ የእረፍት ቀኖችህ ይካተቱ።

እንዲህ ያለ ወረቀት አስቡ። ልጁ ከሀገር ቤት ሲመለስ ጠዋትም ማታም 500 ነው። ስራ የገባ ቀን ማታ 470። በሶስተኛው ቀን ስራ ሲጨርስ 410፣ በማግስቱ ሲነሳ ራሱ 390፣ በሳምንቱ 350። ከዛ ለቅሶ ገጥሞት ሀገር ቤት ለአምስት ቀን ይሄዳል፣ 380፣ 420፣ 460 እያለ ይወጣል። ይሄን ወረቀት ያየ ሀኪም ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም፣ ቁጥሩ ከስራው ጋር ነው የሚወርደው። አንድ ነገር ብቻ፣ ቁጥር ፈጥራችሁ አትሙሉ፣ የረሳችሁትን ባዶ ተዉት፣ ቀኑንና በዛን ቀን ምን እንደሰራችሁ (ሊጥ ነው? ጆንያ ማውረድ ነው? ሽያጭ ነው?) ጎኑ ላይ ጻፉ።

እና በጣም አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር ይሄ ነው፣ ህመሙ ለህይወት የሚያሰጋ እስካልሆነ ድረስ ሳትለኩ ስራ አትልቀቁ። ብዙ ሰው ሲብስበት በብስጭት ይለቅና ከሶስት ወር በኋላ ሀኪም ጋ ይመጣል፣ ያኔ ምን ላይ እንለካው? ማስረጃው እዛ ስራ ቦታ ቀርቷል። ሀኪሞችም "በቃ ስራህን ተው" ብለን በአንድ ቃል ባንሸኝ ደስ ይለኛል፣ አንድ ቤተሰብ ከሚያስተዳድር ሰው እጅ ላይ እንጀራውን ከመንጠቅ በፊት እርግጠኛ የመሆን ግዴታ አለብን። የሚያሰጋው የቱ ነው ካላችሁ፣ አንድ አረፍተ ነገር ሳያቆም መጨረስ ያቃተው፣ ቬንቶሊን ስቦ ያልተሻለው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው፣ እሱ ወረቀት ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚያስፈልገው፣ ወዲያው።

ከተረጋገጠ በኋላስ? መድሀኒቱ እንደማንኛውም አስም ነው፣ በየቀኑ የሚሳብ ስቴሮይድ፣ ቤክሎሜታዞን ወይ ቡዴሶናይድ ምናምን ሀኪሙ የሚያዝላችሁ። ሰማያዊዋ ብቻዋን በቂ አይደለችም፣ ቧንቧውን ለጊዜው ትከፍታለች እንጂ ውስጥ ያለውን እብጠት አትነካውም፣ አለም አቀፉ የአስም መመሪያም በፈረንጆች ከ2019 ጀምሮ እሷን ብቻ መጠቀም አይመከርም ብሏል። ግን ልብ በሉ፣ አለርጂ ሆኖባችሁ ብናኙን እየሳባችሁ መድሀኒት መጨመር ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ወለል እንደመወልወል ነው። ለአለርጂው አይነት ከሁሉ የሚሻለው ህክምና ሙሉ በሙሉ ከዛ ነገር መራቅ ነው፣ መቀነስ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ቶሎ የራቀ፣ ምልክቱ ከጀመረው በአንድ አመት ውስጥ ቢሆን፣ የመዳን እድሉ ይሻላል። ከራቁትም ሙሉ በሙሉ የሚድኑት ወደ አንድ ሶስተኛው ናቸው፣ ሌሎቹ እየቀለላቸው ግን አስሙ አብሯቸው ይኖራል። በዘገዩ ቁጥር ይሄ እድል ይጠባል፣ ለዛ ነው አፍንጫ ብቻ ሲጀምር ኑ የምለው።

አንድ ቀን በተቃጠለው ወይም ድሮም በነበረው አስም ግን ነገሩ ይለያል፣ ብናኙንና ጋዙን ቀንሶ፣ መድሀኒቱን በደንብ ወስዶ እዛው ስራ ላይ መቆየት ይቻላል። እና ሁለቱን የምንለየው ለዚህ ነው፣ አንደኛው ሰው ስራ መቀየር አለበት፣ ሌላው የግድ የለበትም።

ዳቦ ቤት ባለቤቶች፣ መቀየር ማለት ማባረር አይደለም። ሊጥ ቤት የነበረውን ልጅ ሽያጭ ላይ አድርጉት፣ ሂሳብ ላይ፣ ማከፋፈል ላይ፣ ብቻ ከዱቄት ክፍሉ ይራቅ፣ መኝታውም እዛ አይሁን። ለሌሎቹ ደሞ፣ ብናኙ ከየት እንደሚነሳ እስኪ በአይናችሁ ተከታተሉት። ጆንያው ከትከሻ ላይ ወደ ማቡኪያው ይገለበጣል፣ ጭጋግ። ማሽኑ ክዳን ሳይኖረው በፈጣኑ ይነሳል፣ ጭጋግ። ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ከከፍታ በእጅ ይበተናል፣ እንደገና ጭጋግ። ባዶው ጆንያ የቀረችው ዱቄት እንዳትባክን ተብሎ ተይዞ ይራገፋል፣ ይሄ ከሁሉ የባሰው ነው። በመጨረሻ በደረቅ መጥረጊያ ይጠረግና የወደቀው ሁሉ መልሶ ይነሳል። ጆንያውን ዝቅ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፣ ማሽኑን ውሀው ዱቄቱን እስኪይዘው በቀስታ አስነሱት ክዳኑንም ግጠሙ፣ ጠረጴዛው ላይ በዱቄት ፋንታ በተቻለበት ዘይት ቀቡ፣ ጆንያ አይራገፍ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ይታጠፍ፣ ወለሉ በእርጥብ ይወልወል። ኢምፕሩቨሩን በፈሳሽ ወይ በፓስታ መልክ ካገኛችሁት ከዱቄቱ ይመረጣል። ማስክ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው፣ የኮቪድ ጊዜዋ ሰማያዊ ማስክ ለዱቄት አትሆንም፣ ቢያንስ ኤን 95 ፊት ላይ በደንብ የገጠመ።

ጋራዦች ደሞ ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። እንግሊዝ ሀገር ከስራ አስም ጋር በተያያዘ ከፍተኛ ስጋት ውስጥ ናቸው ከሚባሉት ሰራተኞች ውስጥ ጋጋሪዎችና መኪና የሚቀቡ ሰዎች ከፊት ናቸው። አውሮፓ ህብረት ከኦገስት 2023፣ በኛ ነሐሴ 2015 ጀምሮ፣ ይሄ ኬሚካል ያለባቸውን ምርቶች ስልጠና ያልወሰደ ሰራተኛ እንዳይጠቀም አድርጓል። ሽታው አያስጠነቅቅም፣ ሳይሸታችሁም ጎጂ መጠን ልትስቡ ትችላላችሁ። ኤን 95 ለእንፋሎቱ አይሰራም፣ ትክክለኛው ንጹህ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ነው። ሁልጊዜ የማየውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቀቢው መቀባቱን እንደጨረሰ ቀለሙ መውረዱን ለማየት ማስኩን ግንባሩ ላይ ከፍ ያደርጋል። ጭጋጉ ባይታይም አየሩ ላይ ገና አለ፣ ያቺ ሰአት ናት የምትጎዳው። ማስኩ የሚወልቀው ክፍሉ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ነው። ግቢው ውስጥ ስቱኮ የሚያሻሽ ልጅም አጠገቡ አይቁም፣ እሱ ማስክም የለው።

ጽዳት የምትሰሩ እህቶች፣ በተለይ አረብ ሀገር ያላችሁ ወይ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ይሄን ለማታውቅ ሁሉ ንገሩልኝ። በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከተቀላቀለ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ደሞ ሌላ የሚያቃጥል ጋዝ። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ እንዲህ ማድረግ ሳንባ ያቃጥላል። ማዳም "ደባልቂው እንዲያጸዳ" ብትል እንኳን በጭራሽ፣ አንዱን ተጠቅማችሁ በውሀ በደንብ አጥባችሁ ነው ሌላውን መጠቀም። በተቻለ መጠን ስፕሬይ ከመርጨት ጨርቅ ላይ አፍስሶ መወልወል ይሻላል። ከተቃጠላችሁ ወዲያው ወደ አየር ውጡ፣ ህክምና ስትሄዱ የጠርሙሶቹን ፎቶ በስልክ ይዛችሁ ሂዱ። እዛው ቤት ስለምትተኙ የእናንተም እንደ ዳቦ ቤቶቹ ነው፣ የእረፍት ቀን ስለሌለ ህመሙ ከስራው ጋር መያያዙ አይታይም።

ስለ ህጉ በአጭሩ፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሰሪው መከላከያ እንዲያቀርብና ስለ አደጋው እንዲያስረዳ ያስገድዳል፣ በስራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም እንደ ስራ ጉዳት ያውቀዋል። "እኔ ኮንትራት የለኝም" የምትሉ፣ የቃል ውልም ውል ነው። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሀኪሞች ቦርድ ስለሆነ ሰርተፊኬታችሁ ላይ "አስም" ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ፣ ስራችሁ ምን እንደሆነና የምትጋለጡበት ነገር ይጻፍ፣ ሀኪሙን ጠይቁት፣ አትፈሩ። የፒክ ፍሎው ወረቀቱን ኮፒ አስቀሩ።

ጥያቄዎች።

"ወተት እየጠጣን ነው፣ ያጥብልናል አይደል?" ወተት ሆድ ነው የሚገባው፣ ሳንባ አይገባም። ምግብ ነው፣ ጠጡት፣ ግን አሰሪ ወተት ሰጠ ማለት ከብናኙ ጠበቀ ማለት አይደለም። በዛ ብር አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያና ማስክ ቢገዛ ይሻላል።

"የሚሳበው መድሀኒት ሱስ ያስይዛል ይባላል።" አያስይዝም። በየቀኑ የሚሳበው ስቴሮይድ ሱስ የለውም፣ ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን በውሀ ተጉመጥመጡ፣ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ግን የሚስበው ጉሮሮው ላይ ነው የሚቀረው፣ ስፔሰር ያስፈልጋል፣ በመድሀኒቱና በአፍ መሀል የሚገባ ባዶ እቃ ማለት ነው። ስፔሰር ከሌለ ግማሽ ሊትር የሀይላንድ ጠርሙስ ቂጡን በመድሀኒቱ አፍ ልክ ቀዶ መጠቀም ይቻላል፣ ደቡብ አፍሪካ ህጻናት ላይ ተሰርቶ በፈረንጆች በ1999 የታተመ ጥናት ከሚሸጠው ስፔሰር እኩል እንደሚሰራ አሳይቷል። ቀዳዳው አየር እንዳያስወጣ በፕላስተር ዙሪያውን ዝጉ።

"አስም ያለበት ልጅ ስራ ቢጠይቀኝ ልቅጠረው?" በዚህ ብቻ አትከልክሉት፣ ይልቅ ዱቄት ክፍል ሳይሆን ሌላ ቦታ ጀምሩት። ለሁሉም አዲስ ሰራተኛ ደሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አመታት ላይ ቶሎ ቶሎ ጠይቁ፣ አለርጂው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚጀምረው። አፍንጫህ እንዴት ነው፣ ሌሊት ያስልሃል፣ ሀገር ቤት ስትሄድስ፣ እነዚህን ሶስቱን። አንዱን አዎ ካለ በዛው ሳምንት ወደ ህክምና ላኩት፣ የሄደበትንም ቀን ከደሞዙ አትቁረጡበት፣ ካልሆነ ሁለተኛ እውነቱን አይነግራችሁም።